እንደ ኩዌከሮች በዝምታ መጠበቅ፦ ከየት ልጀምር ለምትሉ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አለኝ። በሩን ከመክፈቴ በፊት እንደ ኩዌከሮች፣ በዝምታ አምልኮ እንደሚታወቁት ክርስቲያኖች፣ በዝምታ እቀመጣለሁ። እንዴት እንደሆነ ለምትጠይቁኝ ይኸው።

በመጀመሪያ ዓላማውን ያዙ። መቀመጡ ለእረፍት አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተነሳው የኩዌከሮች መሥራች ጆርጅ ፎክስ፣ ሰው እስኪሞት ድረስ ከኃጢአት አይላቀቅም ከሚሉ ሰባኪዎች ጋር ተሟግቷል። ለእሱ ቤዛነት ድሮ ተከፍሎ ያለቀ ዕዳ ብቻ አልነበረም። ክርስቶስ ዛሬም ሰው ውስጥ ገብቶ ያነጻል። ዮሐንስ 1፥9 ላይ ለሰው ሁሉ የሚያበራ የተባለው ብርሃን እሱ ነው። በዝምታ የምንጠብቀውም ይህን ብርሃን ነው።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ወንበር ይበቃል። ሻማ ወይም የሚደገም ቃል የለም። (በብዛት ኩዌከሮች ያሉባት ጎረቤታችን ኬንያ ግን መዝሙርና ስብከት አላት።) ለጀማሪ ሃያ ደቂቃ ጥሩ ነው። እኛ ሰፈር የሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮኻል፣ ረዳቱ ቃሊቲ ቃሊቲ ይላል። አትታገሉት፤ ይለፍ።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው የማትፈልጉት ነገር ብቅ ሲል ነው። እኔ ጋ ዱቤዋን ሳትከፍል ሰፈር የቀየረች ደንበኛ ትመጣለች። በልቤ ልከራከራት ያምረኛል። ፎክስ በ1658 ያኔ እንግሊዝን ይገዛ የነበረው የክሮምዌል ልጅ ለሆነችው ለኤልሳቤጥ ክሌይፖል የጻፈው ምክር እዚህ ጋ ይረዳል። ፍሬ ነገሩ፦ ፈተናውንና ጥፋቱን ሳይሆን እሱን የገለጠውን ብርሃን ተመልከቺ ነው። ስለዚህ ቂሙን አልክደውም፣ ምክንያትም አልደረድርለትም። እንዲታይ እተወዋለሁ። ያማል። ግን ብርሃኑ ቁስሉን የሚያሳየው ሊያድን ነው፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ። ቂም በአንድ ጠዋት አይለቅም፣ በማግስቱም ተቀመጡ።

አንድ ግልጽ ነገር ከታያችሁ ደግሞ አታሳድሩት። አሜሪካዊው ኩዌከር ጆን ዉልማን በወጣትነቱ የባሪያ ሽያጭ ውል ጻፍ ተባለ። ጻፈ፤ ልቡ ግን እረፍት አጣ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሰነድ አልጽፍም አለ፤ ባሪያ ያላቸውን የእምነት ወንድሞቹን ነጻ እንዲያወጧቸው ቤት ለቤት እየዞረ ለመነ። እሱ በ1772 ካረፈ በኋላ፣ በ1776 የፊላደልፊያ ኩዌከሮች አባሎቻቸው ባሪያ እንዳይኖራቸው ከለከሉ።

የእኛ ቢጤ ነጋዴ ከዋጋ ይጀምር። የጥንቶቹ ኩዌከር ነጋዴዎች ለሁሉም አንድ ዋጋ ይናገሩ ነበር፤ ክርክሩ ውሸት ያናግራል ብለው። መከራከር የለመደ ደንበኛ መጀመሪያ ቅር ይለዋል። በትዕግሥት አስረዱት።