ዝጎ የተጣበቀ የትራክተር ሞተር እንዴት ይላቀቃል?

እነዋሪ ያለው የአጎቴ ማሲ ፈርጉሰን 135 ሁለት ክረምት ያለ ሥራ ቆሞ ነበር። ጭስ ማውጫው ወደ ላይ የቆመ ነው። አፉን የሚከድነውን ጣሳ ነፋስ ወስዶት ኖሮ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በዚያ ገብቷል። ግንቦት ላይ ለእርሻ ልናስነሳው ስንል ሞተሩ ንቅንቅ አላለም።

«በሌላ ትራክተር እናስጎትተው» አለኝ። «ጋሼ፣ እባክህ ታገስ» አልኩት። እናንተም እንዳታስጎትቱ! የሚጎትተው ኃይል ሁሉ የሚያርፈው የተጣበቀው ፒስተን ላይ ነው። ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይታጠፋል፣ ፒስተኑ ይሰነጠቃል። በጥቂት ዘይት የሚፈታው ነገር ሙሉ እድሳት ይጠይቃችኋል።

መጀመሪያ እንዴት እንደቆመ ጠይቁ። ሥራ ላይ ሳለ ግሎ ወይም ዘይት አልቆበት የነከሰ ሞተር ተፈቶ መታየት አለበት። ቆሞ የዛገ ግን ተስፋ አለው። ማርሹ ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ያልገባበት) መሆኑን እዩ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም ፍቱት። ጥርሱ ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ጥርሳም መንኮራኩር) ላይ ተቀርቅሮ ሞተሩ የነከሰ የሚመስልበት ጊዜ አለና።

ቀጥሎ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ቀስ ብላችሁ አላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ከኛው አንድ ኩባያ የሚሞላ ዝገት የመሰለ ውሃ ወጣ።

ከዚያ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩትን ሦስቱን ኖዝሎች ፈታሁ። ግማሽ ናፍጣ፣ ግማሽ የመሪ ዘይት ቀላቅዬ በትልቅ የከብት መድኃኒት ሲሪንጅ በየሲሊንደሩ አንድ አንድ የቡና ስኒ ጨመርኩ። ቀዳዳዎቹን በንጹህ ጨርቅ ደፈንኩ። በማግስቱ ቀጭን ሽቦ ሰድጄ ስለካ ሁለቱ ሲሊንደሮች ድብልቁን ወደ ታች አሳልፈውታል። የሦስተኛው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የተጣበቀው እዚያ እንደሆነ የጠረጠርኩት ያኔ ነው።

የቫልቮቹንም ክዳን አንሱ። እያንዳንዱን ቫልቭ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ስትነኩት ወርዶ መመለስ አለበት። የማይመለስ ካለ ዘይት አጠጡት። ሞተሩ እንዲሁ ከተዞረ ቫልቩን የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል።

አሁን ትዕግሥት ነው። በስተፊት ባለው የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ትልቅ ዳዶ ላይ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ አግብቼ ጠዋትና ማታ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እጫን ነበር። ወደኋላ ሲሆን ዳዶው ራሱ እንዳይፈታ ዓይናችሁን አትንቀሉ። በየቀኑ ድብልቁን እጨምራለሁ። በዘጠነኛው ቀን ከውስጥ «ጠቅ» አለ። ቁልፉ የምስማር ውፍረት ያህል ሄደ። ያኔ ሰው ደስ ብሎት መግፋት ያምረዋል፤ እኔንም አማረኝ። ግን መለስኩት። ዘይት ጨመርኩ፣ እንደገና ገፋሁ። በዚህ ዓይነት ሙሉ ዙር ለመዞር ግማሽ ቀን ፈጀ።

በሁለት ሳምንት እምቢ ካለ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) አውርዱ። ከፒስተኑ በላይ ያለውን ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ። ከሲሊንደሩ ጠበብ ያለ ክብ የወይራ እንጨት ፒስተኑ ላይ አስቀምጣችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ብረት በብረት አይመታም።

ሲለቅ ሞተሪኖውን መልሳችሁ፣ ኖዝሎቹን ግን ሳትመልሱ፣ በሞተሪኖው አዙሩት። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከተዘጋበት ቢዬላ ያጎብጣል። በቀዳዳው ተፈናጥሮ ስለሚወጣ ፊታችሁንም እሳትም አርቁ። ከዚያ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አድርጉ፣ የናፍጣውን መስመር አየር አስወጡ።

ስታስነሱ አንድ ሰው ጣውላ ይዞ አየር ማስገቢያው አጠገብ ይቁም። ውስጥ የቀረው ዘይት ራሱ ነዳጅ ሆኖ ሞተሩ ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህ ይችላል። ያኔ በጣውላው አየሩን ድፍን ማድረግ ነው፤ በእጅ ግን በፍጹም። የኛን ጣውላ የያዘው አጎቴ ነበር። ነጩ ጭስ እስኪጠራ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ አዲሱንም ዘይት መልሳችሁ አፍስሱት። የኛው ማኪያቶ መስሎ ነው የወጣው።