የጓሮ ማረሻ ሞተር በጎኑ አይጫንም

ትንሿን የጓሮ ማረሻ ሞተር ከጎንደር ወደ አዘዞ ወይ ማክሰኚት የምትወስዱ ካላችሁ፣ አደራ በጎኗ አታስተኟት። ዘይቱ ወደ አየር ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። እኔ አንዴ አስተኝቼ ጭኜ፣ ሳስነሳት ሰፈሩን በጭስ ሞላሁት። ጎረቤት ቤት ተቃጠለ ብሎ ሮጦ መጣ!

መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ በጭነት ባጃጅ ወይ በፒካፕ ላይ አቁማችሁ ግራና ቀኝ በገመድ ወጥሩ። ሰው በተጫነበት ባጃጅ ውስጥ ግን አይሆንም፤ የቤንዚኑ ሽታ ብቻውን ይበቃል።

ስታርሱ ደግሞ ሣር ቢላዎቹ ላይ ይጠመጠማል። በእጅ ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን) ገመድም ንቀሉ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ከጀርባችሁ ምን እንዳለ እዩ። የኛ ጓሮ ጠባብ ነው፣ የድንጋዩ አጥርም ቅርብ። ማሽኗ ከአጥሩ ጋር ታጣብቃችኋለች።

ዋልካ አፈር ከሆነ ዝናብ እንዳባራ አትግቡ፣ ጠፈፍ ይበል። ደረቅ ከሆነ ደግሞ በአንዴ አታጥልቁ፤ ትዘላለች። መጀመሪያ ላይ ላዩን፣ ቀጥሎ ጠለቅ። ጫማችሁም ሽፍን ይሁን፣ በሸበጥ አይታረስም።