ተራራ ላይ ለማደር ጎጆ ስትመርጡ

ከደሴ ወይ ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ተራራ ላይ ልታድሩ ያሰባችሁ፣ ማደሪያውን በፎቶ አትምረጡ። ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል። መጀመሪያ ከፍታውን ጠይቁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሰሜን ተራሮች ያለው ሳንቃበር ደግሞ 3,250 ገደማ። ወደ ላይ በወጣችሁ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ በኮምቦልቻ ልብስ እዚያ የወጣ ሰው ሌሊቱን ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ ነው የሚያነጋው (ያ ሰው እኔ ነኝ)።

ቀጥሎ ጣሪያውን እዩ። የሳር ክዳን ሙቀት ይይዛል። ቆርቆሮ ግን ሌሊት ይቀዘቅዝና ትንፋሻችሁ እላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ፊታችሁ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

መደቡ ላይ የተነጠፈውን አንስታችሁ አራግፉ። ቁንጫ መኖሩን ለማወቅ ነጭ ካልሲ አድርጋችሁ ትንሽ ቁሙበት፣ ካለች ራሷ ትመጣለች።

ውሃው ቅርብ ነው ቢሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ የባላገር ቅርብና የእኛ ቅርብ አይገናኝም። "ቀድቶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" በሉ።

ደግሞ ብርዱ ቢብስባችሁም የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ፤ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ጋቢ ደርቡ። እና ቢዘገይ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ቤቱ ካልተመቻችሁ ሌላ የምትፈልጉበት ብርሃን ይኖራል።