ቤት የሌለውን ልጅ ት/ቤት አስገብቶ ለማቆየት

ሰፈሬ አራብሳ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ጅምር ህንፃዎቹ የሚቀጥሉበት ጋር። ቤት የሌለው ልጅ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣብን መገናኛ ወይ ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚያድረው ነው፣ እሱም እኛ ጋር አለ ግን ከተማው ዳር ላይ እኔ በብዛት የማየው ሌላ ነው፣ አባት ጅምር ህንፃ በዘበኝነት ይጠብቃል፣ እናት እዛው ሳይት ላይ አሸዋ ትሸከማለች፣ ልጆቹ በቆርቆሮና በሸራ በተቀለሰች ጎጆ ያድራሉ፣ ህንፃው ሲያልቅ በሉ ተነሱ ይባላል ከዛ ኮዬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ሌላ ሳይት ይፈለጋል። ማንም ጎዳና ተዳዳሪ ስለማይላቸው እርዳታ ሲመጣም ስማቸው አይነሳም። የምፅፈው በብዛት ስለነሱ ነው፣ ብቻውን ስለሚኖረው ልጅ ወደ በኋላ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ደብተር መግዛቱን ተዉት። አዲስ አበባ የመንግስት ት/ቤቶች ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ምገባ አለ፣ ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ከተማው ነው የሚያቀርበው። ማለትም ልጁ አንዴ ከተመዘገበ ትልቁ ወጪ ተሸፍኗል፣ ቀኑን ሙሉ ምን በልቶ ይውላል የሚለው የእናቱ ጭንቀትም በአብዛኛው ይቀላል። እኔ በመጀመሪያው አመት ሁለት ደርዘን ደብተር ገዝቼ ሳይት ለሳይት አደልኩ፣ በሳምንቱ ግማሹ እሳት ማያያዣ ሆኖ አገኘሁት፣ ልጆቹ አልተመዘገቡማ ምን ያድርጉበት።

ስለዚህ ዋናው ስራ ወረቀት ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ት/ቤት ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የልደት ሰርተፍኬት፣ የወላጅ መታወቂያ፣ ከገጠር ከመጣ ደግሞ የበፊቱ ት/ቤት ካርድና መሸኛ ነው። ዘበኛው ያለው የገጠር ቀበሌ መታወቂያ ነው፣ እሱም ጊዜው አልፎበታል ወይ ዝናብ በልቶታል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ነው ህጉ የሚለው፣ ካለፈም ግን ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል፣ ስለዚህ አልፎበታል ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፣ ምን ምን ላሟላ ብላችሁ በፅሁፍ ተቀበሉ። ህገ መንግስቱም አንቀፅ 36 ላይ ህፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ይቺን ቀስ ብሎ ማንሳት አንዳንዴ ትሰራለች፣ ጮክ ብሎ ማንሳት ግን በኔ ልምድ በጭራሽ። አባትየውን ደግሞ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) እንዲያወጣ ግፉት። የገጠሩን ካርድ በተመለከተ ት/ቤቱ ድረስ ሰው መላክ አያስፈልግም፣ ወላጆቹ አገር ቤት ለቀረ ዘመድ ይደውሉ፣ እሱ ካርዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ዋናው ደግሞ ለበዓል ወደዚህ በሚመጣ ሰው ይመጣል።

ወረቀቱ እስኪያልቅ ልጁ ሳይት ላይ አይጠብቅ። ዳይሬክተሩ ጋር ወላጅየውን ይዛችሁ ሂዱ (ብቻችሁን አትሂዱ፣ እናንተ ነገ አትኖሩም ብለው ያስባሉ፣ ልክም ናቸው) እና እንዲህ በሉ፣ "መምህር፣ ወረቀቱ በሂደት ላይ ነው፣ እስከዛ ቁጭ ብሎ ይማር፣ እኔ ተጠሪ ሆኜ ስልኬን እሰጣለሁ"። አንድ ት/ቤት በር ላይ ዘበኛው ራሱ መለሰን፣ ሞልቷል ብሎ፣ ዳይሬክተሯን እንኳን ሳናያት። በማግስቱ የወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) ውስጥ ያሉ የዕድራችንን አንድ እናት ይዘን ሄድን፣ እትዬ ግቡ ተባሉና ገባን። ዕድር ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ ት/ቤቱ አጠገብ ያለ ዕድር ውስጥ የወመህ አባል አይጠፋም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፣ ምዝገባ ክረምት ላይ ነው፣ መስከረም አጋማሽ ላይ መሄድ ማለት ሞልቷል ለመባል መሄድ ነው።

እድሜው የገፋ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። አንደኛ ክፍል በ7 አመት ነው የሚጀመረው፣ የ13 አመት ልጅ እዛ መሀል ሲቀመጥ ያፍራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ፈትናችሁ በሚችለው ክፍል መድቡት ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ የማታ ያለበት ት/ቤት ፈልጉ።

አሁን ማቆየቱ። ልጁ ከገባ በኋላ የሚያስቀረው ነገር ከውጪ ሲታይ ትንሽ ነው። ዩኒፎርሙ አንድ ነው፣ ሳይት ላይ ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው ለሲሚንቶ፣ ስለዚህ ዩኒፎርም ለማጠብ ውሃ ለምኖ ነው። አርብ ማታ ቤታችሁ አምጥቶ እንዲያጥብ አድርጉ፣ እናንተ አታጥቡለት ራሱ ይጠብ፣ ቅዳሜ ይደርቃል። ቦርሳው ጎጆ ውስጥ ካደረ በክረምት ይረጥባል ወይ አይጥ ይቆርጠዋል፣ ባለ ሱቅ አነጋግሩና መደርደሪያ ስር ይቀመጥ፣ የኛ ሰፈር ባለ ሱቅ የአራት ልጆች ቦርሳ ያስቀምጣል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ካልተከፈተ ልጆቹ በሩን ይደበድባሉ፣ ሰውየው ከነሱ በላይ ሰዓት አክባሪ ሆኗል። የቤት ስራ ጨለማ ውስጥ አይሰራም፣ ት/ቤቱ ላይብረሪ እስከ 11 ሰዓት ከከፈተ እዛ ጨርሶ ይውጣ። ለሴት ልጅ ሞዴስ፣ ይሄን በሴት መምህርት በኩል አድርጉት፣ በወር አምስት ቀን መቅረት ማለት በሴሚስተር ስንት እንደሆነ አስሉት።

ቅዳሜና እሁድ ምገባ የለም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ካለ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት እሁድ ምን እንደበላ ጠይቁት።

ሳይቱ ሲያልቅስ? እዚህ ጋር ነው ብዙዎቹ የሚወድቁት፣ ሚያዝያ ላይ ቤተሰቡ ይነሳል፣ አዲሱ ት/ቤት አመቱ አልቋል ለመስከረም ና ይላል፣ አመቱ በከንቱ ይሄዳል። ወላጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ትነሳላችሁ ከተባላችሁ በዛኑ ቀን ደውሉልኝ ብላችሁ። አዲሱ ቦታ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ከሆነ ሰኔ እስኪፈተን የድሮው ት/ቤት ይቆይ፣ መዋጮ ካላችሁ ብሩ ለዚህ ለትራንስፖርት ይዋል። ካልሆነም ሳይሄዱ መሸኛና ካርድ በእጃቸው ይያዙ፣ ሁለት ኮፒ፣ ፎቶም አንሱት፣ ኦርጅናሉ መጥፋቱ አይቀርም። የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ልጅ ከሆነ ደግሞ ፈተና አለበት፣ ስሙ የት ት/ቤት ለፈተና እንደተመዘገበ ሳታጣሩ እንዳታዘዋውሩት።

ብቻውን ያለው ልጅ፣ ሊስትሮ የሚሰራው፣ ታክሲ ተራ የሚውለው፣ እሱ ጋር ጥያቄ ቀድማችሁ አታብዙ። አፈሳ የሚያውቅ ልጅ ስምህ ማነው ከየት መጣህ ሲባል የሚሮጥ ነው። ጫማችሁን አስጠርጉ፣ ተመላለሱ፣ ማዘር ፋዘር ማለት ሲጀምር ያኔ ይወራል። ማስቲሽ የሚስብ ከሆነ ት/ቤት አሁኑኑ አትበሉት፣ መጀመሪያ የሚያድርበት ቦታ፣ ለዚህ የወረዳችሁን ሴቶች፣ ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጠይቁ፣ ማደሪያ ያላቸው ድርጅቶች ጋር የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። የቀን ገቢውን አቁም ማለትም አይሰራም፣ ለገጠር ቤተሰቡ የሚልክ አለ። ማታ ይማር፣ ቀን ይስራ፣ ግን ህጉ ከ15 አመት በታች መቅጠር ስለሚከለክል ራሳችሁ ሱቄ ውስጥ ቀጥሬ ላስተምረው እንዳትሉ።

ፎቶ አታንሷቸው። አንዴ እኛ አንስተን ቴሌግራም ላይ ለጠፍን፣ ብር ለማሰባሰብ ነበር፣ የክፍሉ ልጆች አይተውት ላስቲክ ቤት ላስቲክ ቤት እያሉ ልጁን ሶስት ሳምንት አስቀሩት። ሆምሩሙ (የክፍሉ ኃላፊ መምህር) ጋር ሄጄ ሰልፍ ላይ እንዳይናገርበት ለምኜ፣ ልጁንም አባቱን ይዤ ለምኜ ነው የተመለሰው፣ አሁንም እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል።