በክረምት ጉዞ ፏፏቴን ፎቶ ማንሳት፦ ጢስ ዓባይ ላይ እንዴት እንደሚሠራ

ጢስ ዓባይን ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ዝናቡን ሳይፈራ በክረምት መጨረሻ ቢሄድ ይሻላል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ፏፏቴ፣ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ በተለይም ሁለተኛው ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በበጋ ወራት ሳስቶ ገደሉ ራቁቱን የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በነሐሴና በመስከረም ግን ከ40 ሜትር በላይ ከሆነው ገደል አናት ወንዙ በስፋት ይወርዳል፤ ስሙን ያገኘበት ጢስም ያኔ ከሩቅ ይታያል።

ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ከአካባቢው ሹፌሮች ይጠይቁ። በቦርሳዎ ውስጥ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ መስተዋት)፣ ጃንጥላ፣ እንዲሁም በፌስታል የተጠቀለሉ አራት ወይም አምስት ደረቅ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቆች ይኑሩ። በመኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣ ተከፍቶ ከነበረ፣ እንደደረሱ ካሜራውን አያውጡት፤ የቀዘቀዘ ሌንስ እርጥብና ሞቅ ያለ አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣልና ከነቦርሳው 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ።

ከመንደሩ ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው የእግር መንገድ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ዳገት ይወጣል። መሬቱ በክረምት ድጥ ስለሚሆን ጥርስ ያለው ጫማ ያድርጉ፤ የአካባቢ አስጎብኚም ይያዙ፤ ጃንጥላውን የሚይዝልዎ ሰው ያስፈልግዎታልና።

ዋናው ውሳኔ ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ለምን ያህል ጊዜ ይከፈት የሚለው ነው። ብዙ ሰው ፏፏቴን እንደ ሐር ለማለስለስ አንድና ሁለት ሰከንድ ይከፍታል፤ ይህም በቀጭንና በጠራ ውኃ ላይ ያምራል። የክረምት ዓባይ ግን ደለል የተሸከመ ቡናማ ውኃ ስለሆነ፣ ሻተሩ ሲቆይበት ጉልበቱ ጠፍቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ይመስላል። ስለዚህ በ1/500 ሰከንድ ይጀምሩ፤ ውኃው ከገደሉ አፍ ተገንጥሎ፣ ቋጠሮ ቋጠሮ እየሆነ ሲወድቅ ይታያል። ቀጥሎ ወደ 1/60፣ ከዚያም ወደ 1/8 ሰከንድ ዝቅ እያደረጉ ያነጻጽሩ። እኔ 1/8ን እመርጣለሁ፤ የውኃው አወራረድ መስመር እየሠራ ክብደቱም አይጠፋም። ለዚህ አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ከf/8 እስከ f/11 ያድርጉ፤ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሆኖ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ይነሣ። ነጩ አረፋ ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ እንዳይሆን ብርሃኑን በመጠኑ ይቀንሱ። በስልክ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ፍጥነቱን በእጅ በሚያስተካክለው ክፍል ይህንኑ መሞከር ይችላል።

ትልቁ ጠላት ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ከፏፏቴው የሚነሣው ጢስ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ ሌንሱን ሳላይ አርባ ያህል ፎቶ አንስቼ፣ ማታ በትልቅ ስክሪን ስከፍታቸው ሁሉም ላይ ብዥ ያሉ ክብ ነጥቦች ሰፍረው አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በነፋሱ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሌንሱን ወደ መሬት አዘንብዬ እጠርጋለሁ፤ ቀና አድርጌ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ ካነሳሁ በኋላ እንደገና እጠርጋለሁ። የረጠበው ጨርቅ ውኃውን ከማሰራጨት በቀር አይጠቅምምና ወደ ሌላ ኪስ ይግባ።

ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ እንደ ዳመነ ከሆነ ፖላራይዘሩን ይግጠሙ፤ የእርጥብ ቅጠልና የድንጋይ ነጸብራቅ ሲነሣ አረንጓዴው ጎልቶ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ካለች ደግሞ ለፀሐይዋ ጀርባዎን ሰጥተው ጢሱን ይመልከቱ፤ ቀስተ ደመናው እዚያ ይሠራል። ፊልተሩ በአንድ በኩል ሲዞር ቀስተ ደመናውን ያጠፋዋል፣ በሌላ በኩል ሲዞር ያደምቀዋልና፣ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ቀለሙ ሞልቶ እስኪታይ ድረስ ቀስ ብለው ያዙሩት።