ፖሊስ ለመሆን መስፈርቱን ታሟላላችሁ? ከመመዝገባችሁ በፊት እንዲህ አጣሩ

መጀመሪያ የምልመላ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ጓደኛ የነገራችሁ ወይም አምና የወጣው አይሠራም። መስፈርቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ በእንግሊዝ 18 ዓመት የሞላው ማመልከት ሲችል፣ በአሜሪካ ግን ብዙ የፖሊስ መምሪያዎች 21 ካልሞላ አይቀጥሩም። ዕድሜ፣ ዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የትምህርት ደረጃ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቁመት፤ አንድ በአንድ ከማስረጃዎቻችሁ ጋር አመሳክሩ። ስማችሁ በመታወቂያውና በትምህርት ማስረጃው ላይ ተለያይቶ ከተጻፈ ዛሬውኑ አስተካክሉት፤ በምዝገባ ሰሞን ለዚህ መሯሯጥ ራስ ምታት ነው።

ቀጥሎ ጤና። ዓይን፣ ጆሮ፣ ደም ግፊት ይታያል። ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ዓይን ሐኪም ጋ ጎራ በሉ።

የአካል ብቃት ፈተናው ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። በእንግሊዝና በዌልስ ለምሳሌ 15 ሜትር በተራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል፣ በየጊዜው ቢፕ የሚል ድምፅ እየተከተሉ መመላለስ ነው፤ ጠቅላላ ርቀቱ 525 ሜትር፣ የሚፈጀውም ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ሲሰሙት ቀላል ነው። የሚያደክመው መዞሩ ነው፤ በየ15 ሜትሩ ቆሞ እንደገና መነሳት፣ ያውም ድምፁ እየፈጠነ። ስለዚህ መሬት ላይ ሁለት መስመር አስምሩ፣ ስትቃረቡ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ዝቅ በሉ፣ መስመሩን ረገጥ አድርጋችሁ ተመለሱ፣ አንዴ በቀኝ እግር አንዴ በግራ። ሌላ ቦታ ረዘም ያለ ሩጫ፣ ፑሽአፕና ሲትአፕ ይጠየቃል።

አሁን ዋናው፦ የኋላ ታሪክ ማጣራት። የወንጀል ሪከርድ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ዕዳ፣ የቀድሞ አሠሪ፣ ሶሻል ሚዲያ ላይ የለጠፋችሁት ሳይቀር ሊታይ ይችላል። ከባድ ወንጀል በአብዛኛው በሩን ይዘጋዋል። የቆየ ቀላል ጥፋት ግን ብዙ ቦታ ተመዝኖ ይታለፋል፤ እሱን ደብቆ መገኘት ነው የሚጥለው። ፖሊስ ነገ ፍርድ ቤት ቆሞ ይመሰክራል፣ ቅጽ ላይ የዋሸን ሰው ቃል ማን ያምናል? እባካችሁ ያለውን እንዳለ ጻፉ።

ቅጹን ከመያዛችሁ በፊት የኖራችሁባቸውን አድራሻዎችና የሠራችሁባቸውን ቦታዎች ከነቀናቸው በወረቀት አስፍሩ። ስለ እናንተ እንዲጠየቁ ስማቸውን የምትሰጧቸውን ሰዎች ቀድማችሁ አስፈቅዱ። የሞላችሁትንም ኮፒ አድርጉና ያዙ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ያንኑ ደግመው ይጠይቋችኋል።