በሐዋሳ ለ200 ሜትር ሜድሌይ ዋና እንዴት እንዘጋጅ?

ሜድሌይ አንድ ዋናተኛ አራቱንም የዋና ዓይነት በተከታታይ የሚዋኝበት ውድድር ነው። ቢራቢሮ ይቀድማል፣ ጀርባ ይከተላል፣ ቀጥሎ ደረት፣ መጨረሻ ነጻ ዋና። በ200 ሜትር ለእያንዳንዱ 50 ሜትር ይደርሰዋል። ማይክል ፌልፕስ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2016 በአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ይህንኑ ርቀት አሸንፎ ነው ከውድድር የተሰናበተው፤ የደረት ዋናው ግን ከሌሎቹ ደካማ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ደከምኩ ብላችሁ ሜድሌይን አትተዉ።

ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ክፍያም የለውም፤ ለልምምድ ግን አይሆንም። ጉማሬ አለበት፣ ቢልሃርዚያም አለ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ከውኃ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ውኃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። የሆቴል ገንዳ ይሻላል፤ ልጆች በማይበዙበት በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።

ገንዳውን ራሳችሁ በሜትር ለኩት፤ ለመዝናኛ የተሠራ ስለሆነ 25 ሜትር ላይሞላ ይችላል። 20 ሜትር ከሆነ 50 ሜትር የሚያልቀው መሃል ውኃ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ የዋና ለውጡን ግድግዳ ላይ መለማመድ አይቻልም። መፍትሔው በየዓይነቱ 40 ወይም 60 ሜትር መዋኘት ነው። ለውድድር መነሻ የሚፈለገው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.35 ሜትር ነው፤ ገንዳው ከዚያ ካነሰ በጭንቅላት መዝለል አንገት ያሰብራል። ግድግዳውን በእግር ገፍታችሁ ጀምሩ።

ከግድግዳው 5 ሜትር ርቃችሁ፣ ከውኃው 1.8 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ገመድ ወጥሩ። በጀርባ ስትመጡ ከገመዱ ሥር እስከ ግድግዳው ስንት ክንድ እንደምትጥሉ ቁጠሩ። በውድድር ፍጥነት፣ ከቢራቢሮ በኋላ ደክሟችሁ እያለ ቁጠሩ፤ ዝግ ብላችሁ የቆጠራችሁት በውድድሩ ቀን ያሳስታችኋል።

ብዙ ሰው ከውድድር የሚሰረዘው ለውጦቹ ላይ ነው። ከቢራቢሮ ወደ ጀርባ ሁለቱም እጆች እኩል መንካት አለባቸው። ከጀርባ ወደ ደረት ደግሞ በጀርባችሁ እንደተኛችሁ ነው የምትነኩት። በተራ የጀርባ ዋና ዙር በደረት ተገልብጦ መዞር ስለሚፈቀድ ሰውነት ያንን ይለምዳል፤ እዚህ ግን ትከሻ ከመንካት በፊት ከተገለበጠ ያሰርዛል። ነክታችሁ ጉልበት ወደ ደረት ሰብስቡ፣ እግር ግድግዳ ላይ ትከሉ፣ በደረታችሁ ግፉ። ከዚያ በውኃ ውስጥ የሚፈቀደው እጅን እስከ ጭን አንድ ጊዜ መሳብና ከመጀመሪያው የደረት ርግጫ በፊት አንድ የቢራቢሮ ርግጫ ነው። ሁለተኛ የቢራቢሮ ርግጫ ከረገጣችሁ ትሰረዛላችሁ። ከደረት ወደ ነጻ እንደገና ሁለት እጅ።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። 200 ሜትር ቀስ ብላችሁ እየዋኛችሁ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ቀጥሎ በአንድ ዓይነት ሄዶ በሚቀጥለው መመለስ፦ ቢራቢሮ–ጀርባ 4 ጊዜ፣ ጀርባ–ደረት 8 ጊዜ፣ ደረት–ነጻ 4 ጊዜ፣ በመሃል 30 ሰከንድ እረፍት። ከዚያ የደከማችሁበትን ዓይነት ብቻ 6 ጊዜ ደርሶ መልስ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በባሕር ጠረፍ ላሉ የተጻፈ ፕሮግራም ስትከተሉ በየእረፍቱ 10 ሰከንድ ጨምሩ። ብቻችሁን ሆናችሁ ትንፋሽ ይዞ ረጅም መቆየትን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስትና ይሰምጣል።

በሳምንት አንድ ቀን ሙሉውን ዋኙ፣ ጓደኛ የየዓይነቱን ሰዓት ለብቻ ይያዝላችሁ። የደረቱ ሰዓት ለብቻው ስትዋኙት ከሚወስደው በጣም ከዘገየ ደረቱን ከመውቀስ በፊት ቢራቢሮውን እዩ። ዳሌ ሲሰምጥና ክንድ ከውኃ መውጣት ሲያቅተው ጉልበቱ እዚያው አልቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ቢራቢሮውን በሁለት ሰከንድ አዘግይታችሁ ድምሩን አወዳድሩ።